ጾም ያልሆነው ረኃባችን

ወገኖቼ ሆይ፣ ስሙ። ይህ ቃል እህል ላጣ ሰው የተነገረ አይደለም። የዕለት ጉርሱን በዕለት ላቡ የሚፈልግ፣ ለልጁ የሚያቀርበው ቢያጣ በማለዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ወላጅ እጃችንን ይሻል እንጂ ተግሣጻችንን አይሻም፤ በእርሱ ላይ የሚነሣ አንደበት ራሱ በደለኛ ነው። ይህ ቃል የተነገረው ለእኛ ነው፤ ጤፉና ገብሱ በጆንያ ቆሞ፣ እንቁላሉ በቤት ተቀምጦ፣ ሙዙ በሳህን ላይ እየጠቆረ ልጆቻችንን በባዶ ሆድ ወደ ትምህርት ቤት ለምንሰድድ፣ ራሳችንም በባዶ ሆድ ወደ ሥራ ለምንሮጥ፣ ይህንንም የዘመን ግድ ነው ብለን ለተቀበልን ለእኛ። ተናጋሪውም ከሚገሠጹት አንዱ ነው። ከዚህ በደል ውጭ ቆሞ የሚናገር የለም።

ማለዳችንን እንመልከት። የስልኩ ደወል ደጋግሞ ጮኾ ደጋግሞ ታፍኖ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቤቱ በድንጋጤ ይነሣል፤ ሕፃኑ ዓይኑን ሳይገልጥ ካልሲው ይጎተትለታል፣ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፣ ጸሎቱ ሳይደርስ፣ እንደምን አደርህ ሳይባል፣ «ቶሎ በል፣ ሰርቪሱ ጥሎህ ሊሄድ ነው» እየተባለ ከደጅ ይወጣል፤ አባት አንድ ስኒ ቡና ቆሞ ጨልጦ ቁልፉን ይፈልጋል፣ እናት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ወደ ታክሲው ሰልፍ ትሮጣለች፣ የልጁም ምሳ ዕቃ ከመንገድ ዳር ሱቅ በተገዛ ብስኩትና በስኳር በተሞላ የታሸገ መጠጥ ይደፈናል። ይህን ቁርስ ብለን ሰየምነው። ቁርስ አይደለም። የልጅ ማባበያና የኅሊና ማስተኛ ነው።

ማታ በሁለት ሰዓት እራቱን የበላ ልጅ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ከክፍል ሲገባ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ እህል አልቀመሰም። ጉበቱ ለሌሊቱ ያኖረለት ስንቅ እየተሟጠጠ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ሳለ፣ ዐዋቂ ሰው በዕረፍት ላይ ሆኖ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ በሕፃናት ዘንድ ድርሻው ከዚህም እጅግ ይልቃል። እንግዲህ ሥጋው ያልተሰነቀለትን ልጅ ደምር፣ አንብብ፣ አትቁነጥነጥ፣ አታንቀላፋ ብለን እናዝዘዋለን፤ ራሱን በጠረጴዛው ላይ ሲያስደግፍ እንቆጣዋለን፤ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል አስጠኚ እንቀጥርለታለን፤ ለአስጠኚው በየወሩ የምንከፍለውን ገንዘብ ሳንሰስት አንድ እንቁላል የሚቀቀልባትን ደቂቃ እንሰስታለን። ሰነፎች ካልናቸው ልጆች ስንቶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ርቧቸው ነበር።

ስለ ሻያችንም ይነገር። ደረቅ ዳቦ በስኳር ከጣፈጠ ሻይ ጋር አቅርበን ቤተሰብ መገብን እንላለን። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንደሚገባ እንዳይቀበለው ያግደዋል፤ በአንጻሩ ብርቱካን ወይም ፓፓያ ከዚያው እህል ጋር ቢቀርብ ሰውነት ብረቱን ይበልጥ እንዲወስድ ይረዳዋል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ መሠረት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው፤ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉትም በዓይነትና በድግግሞሽ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። የዚህ ሸክም ብዙው ክፍል የድህነት፣ የበሽታና የድርቅ ነው፤ ይህን የሚክድ እውነትን ይክዳል። ነገር ግን ሁሉም የድህነት አይደለም። እህል በሞላበት ቤትም ሕፃን በሻይና በዳቦ ብቻ ያድጋል። ይህኛው ዕዳ የማን ነው? የእኛ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ረኃባችንን ጾም ማስመሰላችን ነው። «እኔ እንኳ ጠዋት ምግብ አይዘልቀኝም፣ ለምጄዋለሁ» እያልን እንመካበታለን። ጾምንስ እናውቃለን፤ ከአባቶቻችን ተቀብለናል። ዐቢዩን ጾም 55 ቀን የሚጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታገሥ ሕዝብ መራብ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጾም በፈቃድ የሚገባበት፣ በጸሎት የሚጠበቅ፣ በምጽዋት የሚፈጸም፣ መያዣውና መፍቻው የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃንና የታመመውን ሰው አታስገድድበትም። ረመዳንን የሚጾሙ ሙስሊም ወገኖቻችንም ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሱሑራቸውን ይበላሉ፤ ስለሚጾሙ ቀድመው ይሰናዳሉ። የእኛ የማለዳ ረኃብ ግን ጸሎት የለበትም። ምጽዋት የለበትም። በሕፃኑ ላይ ያለ ፈቃዱ የተጫነ ነው። ይህ ጾም አይደለም፤ ሐኬት ነው።

ሲሳይን የሚሰጥ አምላክ ማለዳን አልናቀም። በምድረ በዳ ለእስራኤል መናውን በየማለዳው አወረደ፤ በሌላው ቀን ማሳደርን ከልክሎ ሳለ በስድስተኛው ቀን ግን ለሰንበት የሚሆነውን እጥፍ አድርገው እንዲሰበስቡ አዘዘ፤ አስቀድሞ ማሰናዳት የዕረፍት በር ሆነ። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ያልያዙትን ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በማለዳ ጠበቃቸው፤ የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም ተሰናድቶላቸው ነበር። ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። አስቀድሞ አበላ፤ ከዚያ ጠየቀ። እኛ ግን ሳናበላ እንጠይቃለን። ከልጁ ትጋትን፣ ከሠራተኛው ታማኝነትን፣ ከትዳር ጓደኛችን ትዕግሥትን በባዶ ሆዳቸው ላይ እንጠይቃለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን የማሰናዳትን ጥበብ አላጡም ነበር። ዘማች ሲከት፣ ሲራራ ነጋዴ ሲነሣ፣ ተማሪ ወደ ጉባኤ ቤት ሲጓዝ ስንቁ አስቀድሞ ይያዝ ነበር፤ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ፣ በሶው በንጥር ቅቤ ታሽቶ ጭኮ፣ እንጀራው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ፣ ስንዴውና ሽምብራው በምጣድ ተቆልቶ ቆሎ ይሆን ነበር። ያለ ማቀዝቀዣ የሚሰነብት፣ ያለ እሳት የሚበላ፣ ለማለዳ ጥድፊያ እንዲህ የተመቸ ስንቅ በእጃቸው ሠርተው አወረሱን። እኛ የጋዝ ምድጃ አለን። ፍሪጅ አለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ቁርስ የለንም። በባዕድ አገር ያለነውም አልተሻልንም፤ በሁለት ፈረቃ እየሠራን፣ እናት ቆልታ አስፈጭታ በሻንጣ የላከችልንን በሶ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠን እስኪነቅዝ እንረሳዋለን፤ ልጆቻችንንም ከካርቶን በሚፈስስ በስኳር በተለበጠ እህል እናሳድጋለን። የተላከልንን በረከት አስነቀዝነው።

በዚህም ላይ ሌላ በደል ጨመርን፤ የማለዳውን ማዕድ ሸክም ሁሉ በሴት ትከሻ ላይ ጫንን። መጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፉ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤተሰቧ ምግብ የምታቀርበውን ሴት ያመሰግናል፤ እኛ ወንዶች ያንን ምስጋና ወስደን የስንፍናችን ጋሻ አደረግነው። ሚስትየው ማታ ከሥራ ገብታ እራት ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ የነገውን ልብስ ተኩሳ በመጨረሻ ስትተኛ፣ ማለዳም በመጀመሪያ ስትነሣ፣ ባልየው እንቁላል መቀቀል ክብሩን የሚያወርደው ይመስል ቁርሱ እስኪቀርብለት ይጠብቃል። በቤት ሠራተኛነት የገባችውም ብላቴና፣ ራሷ ገና እናት የሚያሻት ልጅ፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ለሁሉ አቅርባ፣ ከሁሉ በኋላ የቀዘቀዘውን ትለቃቅማለች፤ በልተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም። በዚህ ማዕድ ላይ እጃችንን ዘርግተን እንጸልያለን። ያላበላናትን እያየ ፈጣሪ ጸሎታችንን እንዴት ይቀበል?

የሚያሳፍረንን ነገር ደግሞ እንስማ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች በረኃብ ሲዝሉ ታይቶ፣ በመጀመሪያ በበጎ አድራጊዎች እጅ፣ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮም በከተማው አስተዳደር በጀት የምገባ ሥራ ቆመ፤ የድኻው ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቁርሱንና ምሳውን ይበላል። ለዚህ ሥራ በሌሊት ተነሥተው ምድጃ የሚያነድዱ፣ አብዛኞቹም የተማሪ እናቶች የሆኑ ሴቶች ምስጋና ይገባቸዋል። በዚያው ሰዓት ግን በውድ ክፍያ የሚማረው የእኛ ልጅ በመኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ የድንች ጥብስ ከላስቲክ ያወጣል። የሌለው ልጁን የሚያበላለት አገኘ። ያለው የራሱን ልጅ አስራበ።

ምክንያቶቻችንን አንድ በአንድ በብርሃን ፊት እናቁማቸው። «ማለዳ ጊዜ የለንም» እንላለን። እውነት ነው፤ ማለዳ ጊዜ የለንም፤ ማለዳችንን ግን ማታ ሰርቀነዋል። ከእራት በኋላ በስልኩ ላይ አጎንብሰን አንዱን ቪዲዮ በሌላው እየተካን፣ የማናውቀውን ሰው ጠብና የማናውቀውን ሰው ሠርግ እያየን፣ የውጭውን ድራማ ክፍል በክፍል እየተከተልን፣ ልጆቻችንም ከጎናችን ዓይናቸው እየቀላ እያመሹ፣ ገብሱ ሳይለካ፣ ሽምብራው ሳይዘፈዘፍ፣ ዩኒፎርሙ ሳይሰቀል እኩለ ሌሊት ይደርስብናል፤ ከዚያም ለአንድ ቀን በተሰጡት ሰዓታት ላይ እናጉረመርማለን። ቀኑ አላነሰም። እኛ አባከንነው።

«ኑሮ ተወደደ» እንላለን። ይህም እውነት ነው፤ ገበያው አንጀት ያሳርራል። ነገር ግን በየማለዳው ለብስኩት፣ ለቺፕስና ለታሸገ ጣፋጭ መጠጥ የምንበትነውን ብር የወር መጨረሻ ላይ ሰብስበን ብናየው፣ ገብስና ሽምብራ፣ ለውዝና ተልባ እንደሚገዛ እናስተውላለን። ውድ የሆነው ስንቁ አይደለም። ውድ የሆነብን ቸልታችን ነው።

«ልጁ ጠዋት አይበላም» እንላለን። አምሽቶ የተኛ፣ ከመኝታው በፊት ጣፋጭ ሲቀማምስ የቆየ፣ ከእንቅልፉ በጩኸት የተነሣ፣ አባቱም እናቱም ቁጭ ብለው ሲበሉ አይቶ የማያውቅ ልጅ በምን ጉሮሮው ይዋጥለት? ልጅ የሚታዘዘው ቃላችንን ብቻ አይደለም፤ ልማዳችንንም ነው። ቆመን የምንጎነጭ ከሆነ ቆሞ መጎንጨትን ይማራል። ሳንበላ የምንወጣ ከሆነ ሳይበላ መውጣትን ይማራል። ያስተማርነውን አደረገ፤ ስለ ምን እንወቅሰዋለን?

እንግዲህ ንስሐ እንግባ። ንስሐ ደግሞ በቃል ብቻ አይፈጸምም፤ ፍሬ ይጠየቅበታል፤ የዚህ ንስሐ ፍሬም በማጀት ይታያል። በቅዳሜ ወይም በእሑድ ቤተሰቡ በአንድነት ተቀምጦ የሳምንቱን ማለዳዎች ይቁጠር፤ የትኛው የጾም፣ የትኛው የፍስክ እንደ ሆነ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ምን እንደሚያሰናዳ ይወሰን፤ የጎደለውም በዚያው ቀን ይገዛ። በትምህርት ቤት ያጠናናቸው ሦስቱ የምግብ ወገኖች፣ ኃይል ሰጪው፣ ገንቢውና በሽታ ተከላካዩ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀሩ አልተሰጡንም፤ በየማለዳው ሳህን ላይ አንድ እህል፣ ከእርሱም ጋር እንቁላል ወይም ወተት ወይም ጥራጥሬ፣ ከእነርሱም ጋር አንድ ፍሬ እንዲገኙ ነው።

ገብሱ አንድ ጊዜ ተቆልቶ ቢፈጭ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ ማለዳ በውኃ፣ በጥቂት ማርና በቁንጥር ጨው ቢበጠበጥ ወይም ጠንከር ተደርጎ በጭብጦ ቢያዝ፣ ልጁ ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ይደርሳል። ስንዴውና ሽምብራው ማታ ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ሲቀቀል ቶሎ ይበስላል፣ ለሆድም ይቀልላል። ቂንጬው ማታ ተለቅሞና ተለክቶ ይቀመጥ፤ ማለዳ ውኃው እስኪፈላ ፊት ይታጠባል፣ እስኪበስል ልብስ ይለበሳል። የፍርፍሩ ቁሌት ማታ ተሠርቶ በፍሪጅ ቢያድር፣ ማለዳ የሚቀረው ማሞቅና እንጀራውን መፈርፈር ነው። እንቁላል ለመቀቀል 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በእነዚያ ደቂቃዎችም ምድጃው አጠገብ መቆም አያሻም። የአጃው አጥሚት በፈላ ወተት ቢሠራ ለትንሹም ለአረጋዊውም ይሆናል። በጾም ቀን ለሚበላው ልጅ ተልባ በማር ተበጥብጦ፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ ተቀብቶ፣ አቮካዶ ወይም ፉል ይቅረብለት፤ የጾም ቀን የባዶ ሆድ ሰበብ አይሁን። ፍሪጅ የሌለው ቤት የበሰለውን ምግብ በሙቀት አያሳድር፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሙዙን ይያዝ፤ እነርሱ ፍሪጅ አይሹም። ሻዩም ከምግቡ ይለይ፤ ቆይቶ ይጠጣ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አያድርገው። አባት ከመኝታው በፊት ሽምብራውን ይዘፍዝፍ፤ ማለዳም እሳቱን እርሱ ይለኩስ። ትልቁ ልጅ የታናሹን ሙዝ ይላጥ። የቤት ሠራተኛዋ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ምግብ ትብላ። ስልኩ ከእራት በኋላ ከማዕዱ ይራቅ፤ ልጆች በጊዜ ይተኙ፤ ቤቱም ከቀድሞው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይነሣ። ተነሥተን የነግህን ጸሎት እናድርስ፤ ከዚያም የማይጾመው ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይብላ። የተረፈንም እንደ ሆነ የጎረቤታችንን ደጅ እንመልከት፤ እኛ ረስተነው የሚነቅዘው ገብስ ለሌላው ልጅ የማለዳ ሕይወት ነውና። ለራሳችን ልጆች ብቻ ብንመለስ ንስሐችን ግማሽ ነው።

ወገኖቼ ሆይ፣ ልጆቻችን አደራ ናቸው። ዕለት ዕለት እንጀራችንን ስጠን ብለን የምንለምነው አምላክ ሰጥቶናል፤ በጆንያ ሰጥቶናል፣ በማሰሮ ሰጥቶናል፤ ከጆንያው ወደ ልጁ አፍ ያለችውን አጭር መንገድ እንድንሄድባት ብቻ ለእኛ ተወልን። እርሷን አልሄድንባትም። ስለ ድርቅ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ስለ ጦርነት የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እህላችን፣ በገዛ እጃችን ለተራበ ልጅ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። ይቅርታውን እንለምን፤ እርሱ መሓሪ ነው። ነገር ግን ይቅር የተባለ ሰው ሥራውን ይለውጣል። የነገው ማለዳ ዛሬ ማታ ይጀምራልና ገብሱን ለኩ፣ ሽምብራውን ዘፍዝፉ፣ በጊዜ ተኙ፤ ነገ ማንም ልጅ ከቤታችሁ ሳይበላ አይውጣ።